አርባ ጨዋ ወታደሮችና አንድ በር

ሰው መፍጠር ቀላል ነው። ሰዎች ሲያካብዱት እሰማለሁ እንጂ፣ እኔ ባለፈው ሰሞን እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ቅቅል ድንቼን እየላጥሁ አንድ ሙሉ ወታደር ፈጥሬአለሁ። ቁመቱ ዝግባ፣ ክንዱ ምሰሶ፣ ዓይኑ ደግሞ ደባርቅ ቆሞ ጃናሞራ የሚግጠውን በግ ወንድ ይሁን ሴት የሚለይ። ለንስሐ አባቴ ልትነግሩብኝ ነጠላችሁን ያነሣችሁ ካላችሁ ግን ቁጭ በሉ። ወታደሩ የተፈጠረው በእርሳስ ነው። ምሳ ሳይቀርብም ልጄ ግማሹን በላጲስ አጥፍታዋለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ ማኅሌት ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ባሕር ዳር ሥራ አግኝታለች፤ እስክትሄድ ድረስ እኛው ቤት ናት። እኛው ቤት ናት ስላችሁ ገላዋን ማለቴ ነው። እሑድ እሑድ መንፈሷ ሌላ ፕላኔት ላይ ነው የሚውለው። ጎረቤታችን ደሳለኝ የተራራ አስጎብኚ ነው። አንድ ቱሪስት ሻንጣው ቢከብደው አንድ ወፍራም የጨዋታ መጽሐፍና ሃያ ፊት ያላቸው፣ በየፊታቸው ቁጥር የተጻፈባቸው ጠጠሮች ትቶለት ሄደ። ጨዋታው ሰሌዳ የለው፣ ካርታ የለው። እያንዳንዱ ተጫዋች ወረቀት ላይ አንድ ሰው ይፈጥራል። ዳኛዋ፣ ማለትም ማኅሌት፣ «አሁን ጠፈር ላይ ናችሁ፤ መርከባችሁ ተመታ፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ትላለች። ተጫዋቹ የፈጠረው ሰው የሚያደርገውን ይናገራል። መሳካት አለመሳካቱን ጠጠሯ ትወስናለች፤ ትልቅ ቁጥር ከወጣ ሆነ፣ ትንሽ ከወጣ አፈር በላ። ባጭሩ ውሸት በሕግና በሥርዓት ማለት ነው። እኔ ዕድሜ ልኬን ያለ ጠጠር ስጫወተው የኖርሁት ጨዋታ።

ሦስተኛው ተጫዋች የባንክ ሠራተኛ ነበር፤ ወደ ጎንደር ተዛወረና ወንበሩ ባዶ ቀረ። እኔም ለመንሁ። አባት ልጁን ሲለምን አይታችሁ እንደሆነ አላውቅም… አያምርም።

«አንድ እሑድ እሞክርሃለሁ» አለችኝ። «ጨዋታውን ካበላሸኸው ወደ ቴሌቪዥንህ ትመለሳለህ።»

«ካላበላሸሁትስ?»

«እስክሄድ ድረስ ወንበሩ ያንተ ነው።»

እስክትሄድ የቀሩት እሑዶች ደግሞ በአንድ እጅ ጣት የሚያልቁ ናቸው። በሌላው ቀን ከልጄ የማገኘው ወሬ «አባዬ፣ ቻርጀሬን አይተሃል?» የሚል ነው። ያንን ወንበር ካጣሁ ልጄ ባሕር ዳር የምትገባው ከአባቷ ጋር ስለ ቻርጀር ብቻ አውርታ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ከቅዳሴ እንደተመለስሁ እርሳሴን ቀርጬ ቀድሜ ተቀመጥሁ።

መጽሐፉ ውስጥ ሐኪም አለ፣ ነጋዴ አለ፣ መካኒክ አለ። እኔ ክሎን ወታደር መረጥሁ። ክሎን ማለት፣ ደሳለኝ እንዳስረዳኝ፣ ከአንድ ሰው ሥጋ ቅንጣት ተወስዶ ገንዳ ውስጥ የሚባዛ ቅጂ ነው። እናት የለው፣ አባት የለው፣ ስም እንኳ የለው፤ ቁጥር ብቻ። አርባ ሆነው ባንድ ሰዓት ከአንድ ገንዳ ይወጣሉ። አንዱ የኔ ሰው ነው፤ የቀሩት ወንድሞቹ መልካቸውም ጠባያቸውም እሱኑ ነው፤ እሱ ያለውን ያደርጋሉ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? እኔ አርባውንም ሎሚ በአንድ እርሳስ ልሸከም ተነሣሁ።

«የተቀዱበትን ሰው ማን ልበል?» አልሁ።

«ያልታወቀ ይበሉት ጋሼ» አለ ደሳለኝ። «መጽሐፉ ይፈቅዳል።»

«መጽሐፉ ደባርቅን አያውቅማ።»

እውነቴን ነው። በኛ አገር ሰው የከብቱንም የልጁንም ደኅንነት ጠይቆ ሰላምታውን ሲጨርስ፣ ቀጥሎ የሚጠይቀው «የማን ልጅ ነህ?» ብሎ ነው። ለዚህ መልስ የሌለው ሰው እንኳን ጠፈር ላይ ሊዘምት ዳባት ላይ ቤት አይከራይም። አርባ ወጣት ያለ አባት ሜዳ ላይ በትኜ ደግሞ እንቅልፍ አይወስደኝም። ስለዚህ ጻፍሁ፤ የተቀዳበት ሰው፦ እኔ። ስሙ፦ ዳግማዊ። በአባቱ የዳባት ሰው፣ በእናቱ…

«እናት የለውም፣ አባዬ።»

«ለጊዜው ይሁን።»

ቀጥሎ ለጉልበት፣ ለፍጥነት፣ ለጽናትና ለአንደበት ቁጥር ይሰጣል፤ ትልቁ ሃያ ነው። ለአራቱም ሃያ ሰጠሁ። ማኅሌት ወረቀቱን አየችና ላጲሱን አነሣች።

«ያልታወቀ ሰው ብትለው ኖሮ ዝም እል ነበር» አለች። «ይሄን ሰውዬ ግን አውቀዋለሁ። ጉልበት ሃያ?»

«አነሰ እንዴ?»

«ቅዳሜ ከገበያ ያመጣኸውን ድንች ከባጃጅ ማን አወረደው?»

«ወገቤን ይዞኝ ስለነበረ…»

«እኔና እማዬ ነን። ስድስት።» ጠረገችው። «ፍጥነት?»

ባለቤቴ ከጓዳ ሆና መለሰች። ማንም የጠራት አልነበረም። «ቧንቧውን አስጠግን ካልሁት ክረምቱ ገብቶ ወጣ» አለች።

«አራት» አለች ማኅሌት። «ጽናት?»

«ለጽናቱ ደሳለኝ ምስክሬ ነው» አልሁ። «ሳንቃበር ድረስ አብረን ወጥተናል። መንገዱን ጨርሰነዋል ወይስ አልጨረስነውም?»

«ጨርሰነዋል ጋሼ» አለ ደሳለኝ ዓይኑን ከድንቹ ሳያነሣ። «እኔና በቅሎዋ ጨርሰነዋል። እርስዎ ላይዋ ነበሩ።»

ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ሲባል እሰማ ነበር። ለአባቷ መፍጠር ስታስተምር ያየሁት ግን ያን ቀን ነው። አንደበት ላይ ስትደርስ ላጲሱን አንሥታ ትንሽ አሰበች፤ ከዚያ መልሳ አስቀመጠችው። «ይሄስ ይቆይ» አለች። በዚህ ሁኔታ ጉልበት የሌላቸው፣ የማይቸኩሉ፣ በቅሎ የለመዱ፣ አንደበታቸው ግን ማር የሆነ አርባ ወታደሮች ይዤ ወደ ጠፈር ወጣሁ።

መርከቡን የሚያበርረው የደሳለኝ ሰው ነው፤ ካፒቴን ሽመክት ይባላል። ደሳለኝ ካፒቴኑን በተወርዋሪ ኮከቦች ዝናብ፣ በጠላት ተኩስ፣ በባንክ ሠራተኛው ስሕተት ሁሉ አሳልፎ እዚህ ያደረሰው ነው። ሲያወራለት ወንድሙ ይመስላችኋል። አይፈረድበትም። ተራራ የሚያይ ሰው ከጠፋ ወዲህ ደሳለኝ ማለዳ ተነሥቶ የሚጨነቅለት ሌላ ነገር የለውም።

ጨዋታው ከተጀመረ ብዙም ሳንቆይ መርከባችን ተመታና አንድ ፕላኔት ላይ፣ ገደል ጫፍ ላይ ወደቀ። ገደሉ ምን ይመስላል ብዬ ብጠይቅ ማኅሌት «ሊማሊሞ፣ ግን መንገድ ያልተሠራለት» አለችኝ። ሞተሩ መንደድ ጀምሯል። መውጫው አንድ ጠባብ በር ነው፤ በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ ያሳልፋል። ካፒቴን ደግሞ በሕጉ መሠረት የመጨረሻው ወጪ ነው። አርባዎቹ ካልወጡ እሱ አይወጣም።

«በሩ ተከፈተ» አለች ማኅሌት። «ዳግማዊ ከሁሉ ፊት ቆሟል። ምን ያደርጋል?»

ሳላስበው ከአፌ የወጣው እንዲህ የሚል ነው፤ «ዞር ይልና ከኋላው ላለው ወንድሙ ‹እለፍ› ይለዋል።»

«ወንድሙስ ምን ይላል?»

«የኔ ቅጂ አይደል? ‹ኧረ በፍጹም፤ አንተ ቆመህ?› ይላል።»

«ሦስተኛውስ?»

«‹በሞቴ እናንተ ቅደሙ› ይላል።»

አንባቢዎቼ፣ ይሄን ለእናንተ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። በኛ ዘንድ በር ላይ መገባበዝ ያለ ነው፤ መፍቻም አለው። ሽማግሌ ካለ ሽማግሌው ያልፋል፤ ቄስ ካለ ቄሱ፣ እንግዳ ካለ እንግዳው። ይህ ሁሉ ባይኖር እንኳ በአንድ ሳምንት የሚበልጠው ታላቅ ነውና እሱ ይቀድማል። እነዚህ አርባ ሰዎች ግን ባንድ ሰዓት ከአንድ ገንዳ የወጡ ናቸው። ታላቅ የለ፣ ታናሽ የለ፣ ቄስ የለ፣ እንግዳ የለ። አባቶቻችን ለበር ያወጡት ሥርዓት ለእነሱ አልደረሰም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ የኔ ድር በር ላይ ተጠላልፎ ራሱን አሰረ።

«ጋሼ» አለ ደሳለኝ ቀስ ብሎ፤ «መርከቡ እየነደደ ነው።»

«እሳት ተነሣ ተብሎ ጨዋነት ይጣላል?»

«ሊማሊሞ ላይ ፍሬን የበጠሰ አውቶቡስ ውስጥ ‹እርስዎ ይቅደሙ› የሚል ተሳፋሪ አይቼ አላውቅም።»

«እንግዲያው ተሳፋሪዎቹ የዚህ አገር ሰዎች አይደሉም።»

«እዘዛቸው፣ አባዬ» አለች ማኅሌት። «አዛዣቸው ነህ። አንደበት ሃያ አለህ።»

አዘዝኋቸው። ዳግማዊ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ የሚቀድም ሰው የሚያገኘውን ክብር፣ ወደ ኋላ የሚል ሰው የሚደርስበትን ሐሜት፣ በተረትና በምሳሌ አሣምሮ ተናገረ። ድንጋይ የሚያስለቅስ ንግግር ነበር። ችግሩ ወንድሞቹም አንደበት ሃያ አላቸው። አንዱ ተነሥቶ ከእሱ የበለጠ ተናገረ። ሌላው በማርያም ማለ። አንደኛው የዳግማዊን እጅጌ ይዞ ወደ በሩ ይጎትተዋል፤ ዳግማዊ የበሩን መቃን ይዞ «አይሆንም፣ አይገባኝም» ይላል። ማኅሌት ጠጠሯን ሰጠችኝ፤ ወረወርሁ። ሦስት ወጣ።

«እሳቱ ነዳጁ ጋ ደረሰ» አለች።

ደሳለኝ የያዘውን ድንች አስቀመጠ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። የካፒቴኑን ወረቀት፣ ጠርዙ ያለቀውን፣ በመዳፉ ሸፈን አደረገው፤ ዝናብ እንደመጣበት ሰው። ማኅሌት ደግሞ እኔን አላየችም። ያየችው ወንበሬን ነው። አከራይ ሊለቀቅ የቀረበ ቤት የሚያይበት አስተያየት አለ… እንደዚያ።

«አንድ መንገድ ቀርቷል» አለች፤ መጽሐፉን ገለጥ አድርጋ። «ክሎን ከተቀዳበት ሰው ፍርሃቱንም ይወርሳል። ተጫዋቹ የዚያን ሰው እውነተኛ ፍርሃት ከተናገረ ጠጠሯን ደግሞ ይወረውራል። አባዬ፣ ምን ትፈራለህ?»

«እግዚአብሔርን።»

«እሱ ምግባር ነው።»

«እናትሽን።»

«ውሸቱን ነው» አለች እናቷ ከጓዳ።

«ነብር።»

«የትኛውን ነብር ጋሼ?» አለ ደሳለኝ። «ያንን በዱላ ያባረሩትን?»

«እሱ ሌላ ነብር ነው።»

ማኅሌት መጽሐፉን ዘጋችው። «አባዬ» አለች፤ «በር ላይ ሰው ሁሉ የምታስቀድመው ለምንድን ነው?»

«ጨዋነት ነዋ።»

ጠጠሯን በሁለት ጣቷ ይዛ ጠበቀችኝ። ደሳለኝ ካፒቴኑን እንደሸፈነ ነው። እኔ ድፍን ደባርቅን በአንደበቴ ያሸነፍሁ ሰው፣ ጎንበስ ብዬ በጆሮዋ ነገርኋት።

«ለዳኛ ብቻ አይሆንም» አለች። «ጠረጴዛው ይስማ።»

ጮክ ብዬ ተናገርሁ። ደሳለኝ ጋቢውን ወደ አፉ ሰበሰበ፤ ትከሻው ግን እየተንቀጠቀጠ ነበር። ከጓዳ አንድ ሳሕን ሲቀመጥ ተሰማ።

«ታውቂው ነበር እንዴ?» አልኋት።

«ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አውቀዋለሁ።»

«ታዲያ ምን ያስለፈልፈኛል?»

«ሕጉ ነው።» ጠጠሯን መዳፌ ላይ አኖረችልኝ።

ወረወርሁ። ጠጠሯ የድንቹን ሳሕን ገጭታ፣ ተንከባልላ፣ ዐሥራ ሰባት ላይ ቆመች። ዳግማዊ በበሩ ዘሎ ከወጣ በኋላ የቀሩት እንደ በግ ተከታትለው ወጡ። ካፒቴን ሽመክት በመጨረሻ ቅንድቡ ተለብልቦ፣ ነፍሱን ግን ይዞ ወረደ። ደሳለኝ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰና የኔን ድንች በላው። እኔም ዝም አልሁት።

«የሚቀጥለው እሑድ» አለች ማኅሌት ወረቀቶቹን እየሰበሰበች፤ «ከቅዳሴ እንደወጣህ ና። ላጲሱን ግን እኔ ነኝ የምይዘው።»

እንግዲህ ደሳለኝ አስጎብኚ ነው፤ በማውራት የሚኖር ሰው ሚስጥር ጠብቅ ቢባል ግፍ ነው። እሱ ጨማምሮ ከሚነግራችሁ ከእኔ ስሙት። በየቤታችሁ በር ላይ ቆሜ «እርስዎ ይቅደሙ፣ በማርያም እርስዎ ይቅደሙ» ስላችሁ፣ «ምን ያለ የተባረከ ሰው ነው» ያላችሁኝ ሁሉ፣ ትሕትና አይደለም። በሩ ሲከፈት ግቢው ውስጥ የታሰረው፣ ወይም ያልታሰረው፣ መጀመሪያ እናንተን እንዲያገኝ ነው። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ውሻ እፈራለሁ። ቡችላም።