ለጊዜው የገባ ስልክ ቁጥር

«ለጊዜው ነው» የሚል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን የገጠመኝ ፕሮግራመር ነው፤ እዚሁ ጋምቤላ፣ ያውም አንድ ቢሮ ውስጥ። ባሮ ወንዝ ሲሞላ ዳሩ ላይ ለሚኖሩት የኢታንግ ሰዎች የማስጠንቀቂያ መልእክት የሚልክ ፕሮግራም ፓይተን በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ጻፈ። ጎበዝ ነው፤ መቼ ካድኩ! ግን መልእክቱ የሚደርስበትን ስልክ ቁጥር ኮዱ ሆድ ውስጥ ቀበረው። የማንን ቁጥር? የራሱን!

«ወንድሜ፣ የሚቀያየር ነገር እኮ ለብቻው ሴቲንግ ፋይል ላይ ነው የሚቀመጠው። ነገ ሌላ ሰው ከየት ፈልጎ ያገኘዋል?» አልኩት።

«አታካብድ! ለሙከራ ነው፤ ለጊዜው ነው።»

የአገራችን «ለጊዜው» ዕድሜው ስንት እንደሆነ መቼም እኔ አልነግራችሁም። ሰውዬው «ቀይሬዋለሁ» ብሎኝ አዲስ አበባ ተዛወረ።

ዘንድሮ ክረምት ባሮ ሞላ። ኢታንግ ያሉት የቀበሌ ሊቀመንበር አቶ ኦጁሉ ደወሉልኝ።

«ውሃው ቤታችን ገባ! በቆሎው ሄደ፣ ፍየሎቹ ሄዱ! ልጆቹን በትከሻ ተሸክመን ነው ያወጣነው። መልእክት ይደርሳችኋል አላላችሁም ወይ?»

ኮምፒውተሩን ከፍቼ ሳየው፣ ፕሮግራሙ ምስኪን ማስጠንቀቂያውን ያለማቋረጥ ሲልክ ነው የዋለው። ኢታንግ ግን አንድም አልደረሰም።

ደሜ ፈልቶ ለዚያ ጎበዝ ደወልኩ። ስድቤን አዘጋጅቼ ነበር፤ አፌን እስክከፍት መች ጠበቀኝ?

«እንኳን ደወልክ! ያ ፕሮግራም ከጠዋት ጀምሮ ‹ውሃ ሞላ፣ ውሃ ሞላ› እያለ ስብሰባ ላይ መቆሚያ መቀመጫ አሳጣኝ። እባክህ ለጊዜው አጥፋልኝ።»