ያልተነካው ኩላሊት

በዓለም ላይ ያለ ቤተ ሙከራ ሁሉ ምንም ነገር የማያምን አንድ ሰው አያጣም። በካናዳዋ ዊኒፔግ ከተማ ያለው የእኛ ቤተ ሙከራ ክብርት ሎርና ቲችሮብ አሉት። የፌርማታው ሰሌዳ አውቶቡሱ በአምስት ደቂቃ ይደርሳል ቢል፣ ክቡርነታቸው የአውቶቡሱን መብራት በዓይናቸው ካላዩ ወደዚያ ብርድ አይወጡም። ለምሳ ያመጣሁትን ፒሮጊ፣ ድንች የተሞላውን ቅቅል ሊጥ እንኳ የጎረሱት መሃሉን በቴርሞሜትር ለክተው ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የአይጥ ኩላሊት ሲቆርጡ ኖረዋል፤ ማንም ውጤት ይዞ ሲመጣ የሚሉት አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «ድገመው።»

እኔ ያቀረብኩላቸው ውጤት ደግሞ እውነትም የሚያስፈራ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኩላሊት ክሎቶ የሚባል ፕሮቲን ይሠራል፤ ሴሎቹን ከጠባሳና ከእርጅና የሚጠብቅ ዘበኛ በሉት። ኩላሊት በድንገት ሲጎዳ ይህ ዘበኛ ይጠፋል። እኔ የአይጦቹን አንድ ኩላሊት ደም ለግማሽ ሰዓት ዘግቼ ለቀቅኩ፤ ሌላውን በጣቴ እንኳ አልነካሁትም። ከስድስት ሰዓት በኋላ ሁለቱንም አውጥቼ፣ ክሎቶ ባለበት ሁሉ ቡናማ የሚሆን ቀለም ጨመርኩ። የተጎዳው ነጣ። እሱስ የሚጠበቅ ነው። ያልተነካውም ነጣ። ሴሎቹ በሕይወት አሉ፤ ግን ነዋሪዎቹ ሁሉ በየቤታቸው ቆመው መብራት ያጠፉበት ሰፈር ይመስላል። የተጎዳው ኩላሊት ሲቆጣ ደም ውስጥ የረጨው መልእክት ጤነኛው ዘንድ ደርሶ ዝም አሰኝቶታል ብዬ ጻፍኩ።

ማዶ ካለው ሆስፒታል የኩላሊት ሐኪሙ አርማንድ ላጂሞዲዬር ይህን ውጤት ይጠብቃል። ኩላሊታቸው በድንገት ሥራ ላቆመ በሽተኞች፣ መልእክቱን የሚያግድ መድኃኒት ለመሞከር ፈቃድ ሊጠይቅ ነው። መድኃኒቱ ሰውነትን ለኢንፌክሽን ያጋልጣል። እኔ ተሳስቼ ከሆነ በከንቱ የሚሞት ሰው ይኖራል ማለት ነው።

«ልጄ፣» አሉ ክብርት ሎርና፣ «የተጎዳውን ኩላሊት ለሁለት ከፍለህ፣ ግማሹን በራሱ ብልቃጥ፣ ግማሹን በጤነኛው ብልቃጥ ጨምረህ ይሆናል። በስድስት ሰዓት ውስጥ ጉዳቱ በዓይን አይለይም።»

ተቀየምኩ። ለሚሰማኝ ሁሉ ሴትዮዋ የሰው ደስታ አይወዱም እያልኩ አወራሁ። እሳቸው ግን ሙከራውን ራሳቸው ከአዲስ ጀመሩ። የእያንዳንዱ አይጥ ሆድ ከመሰፋቱ በፊት፣ በማይነካው ኩላሊት ዙሪያ ባለው ስብ ላይ ሰማያዊ የሐር ክር በእጃቸው አሰሩ፤ ክሩ እስከ ብልቃጡ ድረስ አብሮት ይሄዳል። ለገሚሶቹ አይጦች መድኃኒቱን ሰጡ። አምስት ሳምንት ፈጀ።

ማይክሮስኮፑ ላይ ሲቀመጡ ከኋላቸው ቆምኩ። መድኃኒት ካላገኙት አይጦች፣ ባለ ሰማያዊ ክሩ የመጀመሪያው ኩላሊት ነጭ ነበር። ሁለተኛውም። ዘጠነኛውም። መድኃኒቱን ያገኙት ቡናማነታቸውን ይዘዋል። ክብርት ሎርና ዓይናቸውን ሳያነሱ ወደ መጀመሪያው ተመለሱ።

«ማንም አልነካውም እኮ፣» አሉ በመጨረሻ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው። «ታዲያ በምን አወቀ?»

መልስ የምሰጥ እኔ ነበርኩ፤ መልእክቱ፣ ደሙ፣ ሁሉም ጽሑፌ ላይ አለ። እኔ ግን ሁለተኛውን ናሙና መልሼ አቀበልኳቸው።

ፈቃድ ሰጪው ኮሚቴ ፊት ስንቀርብ፣ አንድ መነጽራም አባል ገና ከጅምሩ ናሙናዎቹ ተደባልቀው ቢሆንስ ሲል ጠየቀ። ላጂሞዲዬር ወደ እኔ ዞረ። አፌን ከመክፈቴ ክብርት ሎርና ተነሡ።

«ጌታዬ፣ እኔ ከእርስዎ በፊት ጠርጥሬዋለሁ። ስህተቱን አምስት ሳምንት ፈልጌ አጣሁት። ባገኘው ደስ ይለኝ ነበር፤ እንቅልፍም ይወስደኝ ነበር።»

ሌላ ጥያቄ አልተነሣም። ፈቃዱ ተሰጠ። ሰው ሁሉ ላጂሞዲዬርን ሲጨብጥ እሳቸው ቁጭ ብለው ቀሩ። ጠረጴዛው ሥር መዳፋቸውን ከጎድናቸው በታች ጫን አድርገው ይዘዋል፤ የሆነ ነገር እንደሚያዳምጥ ሰው። ወንበሬን ወደ አጠገባቸው አስጠጋሁ። ለካ እኔም ጎኔን ይዣለሁ።