ምንም የማትል መኪና

የምንወደውን ነገር ማመስገን የሚከብደን ሰዎች ነን። ዓይን እንዳይበላው ይሁን፣ ባለቤቱ እንዳይኮራብን ይሁን፣ እንጃ። እንግዳ ሰው ሦስት ጊዜ ተጨምሮለት ሳህኑን ከጠረገ በኋላ ወጡ እንዴት ነበር ቢሉት «ምንም አይልም» ይላል። ልጁ በማዕረግ የተመረቀለት አባት ስለ ልጁ ሲጠየቅ «ምንም አይል» ብሎ ጢሙን ያሻሻል። አማርኛ ስንት ቃል ያለው ቋንቋ ነው! እኛ ግን ደስ ሲለን ከዚያ ሁሉ መርጠን «ምንም»ን እናነሳለን።

ልንገዛው ያሰብነው ዕቃ ሲሆንማ እሷንም እንነፍገዋለን። ጫማው ልባችንን ሰርቆት ሳለ አገላብጠን፣ ሶሉን በጥፍራችን ፍቀን፣ «ይሄ ደግሞ ጫማ ነው?» እንላለን። ሻጩ አይቀየምም። ዝም ብለን ብናመሰግንለት ነው የሚደነግጠው፤ ያልተጣጣለ ዕቃ ያልተፈለገ ዕቃ መሆኑን ያውቃላ! ሁለቱም ወገን የሚያውቀው ጨዋታ ስለሆነ ማንም አይጎዳም። አንደኛው ወገን ሳያውቅ ሲቀር ምን እንደሚሆን ልንገራችሁ።

ነገሩ የሆነው ሲያትል ነው፣ ስልኬ ገና የሚታጠፍ በነበረበት ዘመን። የሆቴል ሚኒባስ እነዳ ነበር። ቀኑን ሙሉ የሰው ሻንጣ ጭኜ ከአውሮፕላን ማረፊያ ወደ ሆቴል፣ ከሆቴል ወደ አውሮፕላን ማረፊያ። ከኋላዬ ሁልጊዜ በረራ ሊያመልጠው የደረሰ ሰው ተቀምጦ ሰዓቱን ያያል። እንዲህ የሚኖር ሰው ሕልም ቢያበዛ ይፈረድበታል?

ሕልሜን ያገኘኋት እዚያው ሰፈራችን ሌክ ሲቲ፣ ከምንኖርበት አፓርትመንት ጀርባ ካለው መንገድ ላይ ነው። ዝናብ ነበር፤ ሲያትል ውስጥ ዝናብ ነበር ማለት ቀን ነበር እንደማለት ነው። አንድ ሸምገል ያለ ፈረንጅ ከግቢው ደጅ መኪና ያሞቃል። ሁለት በር ናት፤ ኮፈኗ እስከ ጎረቤት ይደርሳል፤ ሰማያዊ ቀለሟ ታጥቦ ታጥቦ እንደነጣ ጂንስ ደብዝዟል። እኔ ከመወለዴ በፊት የተሠራች ናት። ድምጿን መጀመሪያ በጆሮዬ አልሰማሁትም፣ በደረቴ ነው የሰማሁት። የአላፊ አግዳሚው ጃንጥላ ሳይቀር የተንቀጠቀጠ መሰለኝ። ቆሜ ቀረሁ፤ ዝናቡ አንገቴ ውስጥ ገብቶ ጀርባዬን ሲያርሰው እንኳ አላወቅሁም።

አሜሪካኖች እንዲህ ዓይነቷን መኪና «መስል ካር» ይሏታል፤ ጡንቻ ያላት መኪና ለማለት ነው። ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ለሰብለ መስል ካር ልገዛ ነው ብላት «ምስል ካር?» አለችኝ። «እሱማ ጥሩ ነው፤ ምስሏን ግዛና ሳሎን እንሰቅላታለን።»

እኔ ግን ሰቅያት ነበር፤ ግድግዳ ላይ ሳይሆን ዓይኔ ላይ። ቀይ መብራት ላይ በቆምኩ ቁጥር ሚኒባሱ ቀስ ብሎ ይረዝማል፣ ጣሪያው ዝቅ ይላል፣ ከኋላ ያሉት ሰዎች ከነሻንጣቸው ይተናሉ። ከዚያ እኔና እሷ በከተማዋ ሐይቅ ድልድይ ላይ ነን። በሕልሜ ዝናብ የለም። ከማዶ ያለው ተራራ ደመናውን አውልቆ በረዶውን እያሳየ ከፊታችን ይሄዳል፤ ውሃው በቀኝም በግራም ያበራል። የምንሄድበት ቦታ የለንም፤ ደስታውም እሱ ነበር። አረንጓዴ በርቶ ከኋላ ክላክስ ሲያንባርቅብኝ ነው የምመለሰው።

አንድ ቀን መስታወቷ ላይ የሽያጭ ወረቀት ተለጠፈ። ዋጋው ካጠራቀምኩት ጋር ልክክ ያለ ነበር። ከዋጋው ሥር ደግሞ «ለሚወዳት ሰው» የሚል ተጽፏል። ታዲያ ለምን ሄደህ ከፍለህ አልወሰድካትም? ትሉኝ ይሆናል። የተጠራውን ዋጋ ከፍሎ የመጣ ሰው በየትኛው ፊቱ ቤቱ ይገባል? ሰብለም የፈቀደችው በአንድ ነገር ብቻ ነው። «ኦኬ፣ ግዛ» አለች፤ «ግን ጋሽ ተካን ፒክ አድርገህ ትወስዳቸዋለህ። ብቻህን ከሄድክ ሰውዬው ሳይጠይቅህ ጨምረህ ትሰጠዋለህ።»

ጋሽ ተካ አጎቷ ናቸው። መርካቶ ዕድሜ ልካቸውን ጨርቅ ሲነግዱ ኖረው፣ በስተርጅና ልጃቸው ሲያትል አጠገብ ወዳለችው ፌደራል ዌይ ከተማ አምጥታቸዋለች። ዋጋ የሚደራደሩበት ሰው በማጣት የሰለቹ ሰው ናቸው። ሱፐርማርኬት ውስጥ ሙዝ ይዘው ገንዘብ ተቀባይዋን «የመጨረሻው ስንት ነው?» ብለው ያሳፈሯት ጊዜ ልጃቸው ብቻቸውን መላክ አቁማለች። እንግዲህ የእኔን ጥሪ ሲሰሙ ምን ያህል እንደታደሱ ገምቱ። ሙሉ ሱፋቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው ጠበቁኝ።

መንገዱን ሙሉ አስተማሩኝ። «ልጄ፣ አንተ ተርጉም እንጂ አትናገር። ዓይንህ ደግሞ አሁኑኑ ያሳብቃል፤ መነጽር አድርግ።» በዚያ ጭጋግ ጥቁር መነጽር አደረግሁ። ወረቀቱ ላይ «ለሚወዳት ሰው» የሚል እንዳለ ስነግራቸው ፈገግ ብለው «ገዢ አጥቷል ማለት ነው» አሉ። ምን ይባላል? ብልጥ ለብልጥ ዓይን ብልጥጥ።

ሚስተር ዋልተር፣ ባለመኪናው፣ በሁለት እጁ ተቀበለን። ግራ እግሩን ያነክሳል። ሚስቱን የዳረችለት ይህች መኪና መሆኗን፣ አሁን ግን ጉልበቱ ፍሪሲዮን መርገጥ ስላቃተው ሊሸጣት መገደዱን ነገረን። መነጽሬን አይቶ ዓይኔን ታምሜ እንደሆነ ጠየቀኝ። አዎ አልኩ። ምን ልበል?

ጋሽ ተካ ሥራ ጀመሩ። በጃንጥላቸው ጫፍ ጎማውን ቆረቆሩት፤ ዞሩ፤ ከንፈራቸውን መጠጡ። «በለው፦ ቀለሙ ሞቷል።» አልኩት። «በለው፦ ወንበሩ ከዚህ ተቀዷል፣ ከዚህም።» አልኩት። «በለው፦ የፊት ፓራውልቱ ዝጓል። በለው፦ ሁለት በር ብቻ ምን ይሠራል፣ ሌላው ሰው በጣሪያ ይግባ?» አንዱን ተርጉሜ ሳልጨርስ ሌላው ይከተላል። ከአፌ የሚወጣው እያንዳንዱ ቃል መልሶ እኔኑ ይወጋኛል። በጨለማው መነጽር ውስጥ በልቤ ይቅርታ እጠይቃታለሁ፤ አንቺ እኮ ቆንጆ ነሽ፣ ይሄ ለወጉ ነው፣ እላታለሁ። የምትሰማኝ ይመስለኝ ነበር።

ሚስተር ዋልተር አልተከራከረም። በእያንዳንዱ ራሱን ነቀነቀና፣ ልክ ናችሁ አለ። ጋሽ ተካ ይህን እንደ ድል ቆጥረው የመጨረሻውን መሣሪያ መዘዙ፦ «ዞር ሳትል ተከተለኝ። ሳንርቅ ይጠራናል።»

ሄድን። አልጠራንም። ቀስ አልን። አልጠራንም። ጋሽ ተካ ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ማሰሪያ ማሰር ጀመሩ፤ ጫማቸው ማሰሪያ እንደሌለው እኔም እሳቸውም እናውቃለን። አላስችል ብሎኝ ዞር ስል ሚስተር ዋልተር እጁን አወዛወዘልን። በቅን ልቦና ነው የሸኘን። ከዚያ ወረቀቱን ከመስታወቷ ላይ አነሳና፣ ሸራ አምጥቶ ከዝናቡ ሸፈናት፤ ሰው ልጁን እንደሚያለብስ ነበር ያለበሳት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። «ግዴለም፣ ነገ ራሱ ኮል ያደርጋል፤ ስልክ ቁጥርህን ትተህለት የለ?» አሉኝ ጋሽ ተካ። ድምጻቸው ግን ዝቅ ብሎ ነበር።

ክረምቱን በሙሉ ስልኬን ስከፍትና ስዘጋ ማጠፊያዋ ላላ። ቀይ መብራት ላይ ስቆም እንኳ ሚኒባሱ ሚኒባስ ሆኖ ይቀራል። ይህ ነበር የከበደኝ፤ መኪናዋ ስትቀር ሕልሟንም ይዛው ሄደች።

ክረምቱ አልፎ ፀሐይ መውጣት ስትጀምር ስልኩ ጮኸ። ሚስተር ዋልተር ነው። ያንን አዋቂ ሽማግሌ ይዘህልኝ ና አለኝ። ፌደራል ዌይ እንዴት ደርሼ እንደተመለስኩ አላስታውስም። ጋሽ ተካ ግን «አላልኩህም?» እያሉ ነበር።

ደጁ ላይ ቆማ አገኘናት። ቀለሟ አዲስ ሰማያዊ፣ ሐይቁ በጠራ ቀን የሚሆነው ዓይነት ሰማያዊ። ወንበሯ አዲስ ቆዳ። ፓራውልቷ መልካችንን ያሳያል። ሚስተር ዋልተር ያልነውን ሁሉ አንድ በአንድ አስጠግኖታል። በመጨረሻም አንገቱን ደፋ አድርጎ፣ የበሮቹን ነገር ግን ምንም ማድረግ አልቻልኩም ብሎ ይቅርታ ጠየቀ። ልቤ ዘለለ። ለእኛ ብሎ ነው አልኩ።

ግቡና እንዙር አለን። ጋሽ ተካ ፊት፣ እኔ ኋላ። ሞተሩ ሲነሳ የጎረቤቱ መስኮት ተንጫረረ። ወደ ሐይቁ ወረድን፤ ድልድዩ ላይ ወጣን። ተራራው ደመናውን አውልቆ ነበር። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ይዞ ነበር፤ ውሃው በቀኝም በግራም፣ ብርሃኑ፣ የምንሄድበት ማጣታችን። ጋሽ ተካ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አኖሩ። ነፋሱ ሽበታቸውን ሲበትነው አልከለከሉትም። ንግዱን ረስተውታል። እኔም ዋጋ መጠየቅ ረሳሁ።

ስንመለስ ሚስተር ዋልተር ሞተሩን ሳያጠፋ ወደ ጋሽ ተካ ዞሮ፣ አሁንስ እንዴት ናት? አላቸው። ልተረጉም አፌን ስከፍት በእጃቸው አስቆሙኝ። ይህንን ራሳቸው ሊናገሩት ፈለጉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ከልባቸው «ምንም አትልም» ሊሉ፣ ባላቸው እንግሊዝኛ ቃል በቃል ገለበጡት፦ «ሺ ሴይ ናቲንግ!»

ሚስተር ዋልተር ፊቱ ጠቆረ። ሰፈር የሚያናውጥ ሞተር እየጮኸ ምንም አትናገርም ይባላል? ጆሮውን ወደ ኮፈኑ አዘነበለ። እኔ ዘልዬ ገባሁና፣ በእኛ ቋንቋ ይህ ትልቁ ምስጋና ነው፣ ያን ቀንም ያጣጣልናት ስለወደድናት ነው ብዬ አስረዳሁት። ሞተሩን አጠፋና ብዙ ሳቀ።

ከዚያ ሳቁ አለቀ። ጉልበቱን በክረምቱ እንዳሠራ፣ አሁን ፍሪሲዮን እንደሚረግጥ፣ እኛ ያልነውን ሲያስጠግን እንደገና እንደወደዳትና እንደማይሸጣት ነገረኝ። የጠራን ሊያመሰግነን ነው። «ያን ቀን ግን» አለኝ ትከሻዬን ይዞ፣ «አንድ ጥሩ ቃል ብትሏት ኖሮ፣ በኪሳችሁ ባለው ሁሉ እሰጣችሁ ነበር።»

ጋሽ ተካ እጃቸውን ኮፈኗ ላይ ጭነው፣ ገና ከድልድዩ ያልወረዱ መስለው ፈገግ ብለዋል። ሰውዬው ብዙ መናገሩን አይተው ወደ እኔ ዞሩ። «ምን አለ?» አሉኝ።

«ምንም አላለም» አልኳቸው።