ከቡታጅራ የተነሳው ክሬም

ጥፋቱን ሳያምን የሚክስ ሰው ያጠራጥረኛል። ባሕር ማዶ ትልልቅ ኩባንያዎች ሸቀጣቸው ሰው ጎዳ ተብለው ሲከሰሱ «አላጠፋንም፣ ግን እንከፍላለን» ብለው ፋይሉን ያዘጋሉ። ጋዜጠኛ ነኝና እንዲህ ያለ ዜና ስሠራ የፈረንጅ ብልጠት ይመስለኝ ነበር። ለካ እኛም ዘንድ አለ፤ እኛ በምርቃት እንዘጋዋለን እንጂ።

ዘይነባ ቡታጅራ ገበያ በርበሬ ትሸጣለች። ለእህቷ ሠርግ ብላ ከጎረቤቷ ከከድር ሱቅ ፊት የሚያቀላ ክሬም ገዛች። መጀመሪያ ቀላች። ከዚያ ጉንጯ ተላጠ፤ ሲድን ደግሞ ጠቆረ። ሐኪሙ «ሜርኩሪ ሳይኖርበት አይቀርም» አላት። ካርቶኑ ግን «ከሜርኩሪ ነጻ» ይላል። አልተመረመረምና አለበት አልልም። ግን እስቲ እናንተ፣ ወተት ላይ «ከመርዝ ነጻ» የሚል ጽሑፍ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

የፈለገችው አንድ ነገር ነበር፦ ክሬሙ ሌላ ሴት እጅ እንዳይገባ። ልትከስ ስትነሳ ሽማግሌዎች ገቡ። እዚያ አገር በሽምግልና ያለቀን ነገር መልሶ የሚያወራ ሰው ከእድርም ከደስታም ይገለላል። ለድንበር ጠብ ግሩም ሥርዓት ነው። ለክሬም ግን እንጃ።

ከድር «ሸጥኩ እንጂ አልቀመምኩም፤ ስለ ጉርብትና ብዬ ነው» አለና ማሳከሚያዋን ሊሸፍን፣ ክሬሙንም ከቡታጅራ ሊያነሳ ተስማማ። እሷ ነገሩን ለማንም ላታወራ ማለች። ዱዓ ተደረገ።

«ለምን ከቡታጅራ ብቻ?» ብዬ አንዱን ሽማግሌ ጠየቅኳቸው።

«አንተ ልጅ፣ የታረቀ ነገር አትቆስቁስ!»

ብዙም ሳይቆይ ለሌላ ሥራ ወልቂጤ ሄድኩ። የከድር አማች ሱቅ መስኮት ላይ ያው ክሬም ተደርድሯል። ቀረብ ስል ባለሱቁ «ውሰድላት ጋሼ፣ የቡታጅራ ሴቶች የቀሉት በዚህ ነው» አለኝ።

ለዘይነባ ደውዬ ያየሁትን ነገርኳት። «ምያለሁ እኮ፣ ወንድሜ» ብላ ዘጋችው።

በቀጣዩ የገበያ ቀን በርበሬዋን ጭና ወልቂጤ መጣች፤ ሱቁ ደጃፍ ላይ ማዳበሪያዋን ዘርግታ ተቀመጠችና ፊቷን የሸፈነችበትን ሻርፕ አወለቀች። «ምን ነካሽ እቴ?» የሚሏት ሴቶች መልስ አላገኙም። እሷን ያያሉ፣ መስኮቱን ያያሉ፣ ሳይገዙ ይሄዳሉ።

ከድር እየበረረ ሽማግሌዎቹን ሰበሰበ።

«ምን ተናገረች?» አሉት።

«ምንም።»

«ታዲያ ምን አድርጊ ትላታለህ?»

«ፊቷን ትሸፍንልኝ!»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ምርቃት አልነበረም። በማግስቱ የወልቂጤው መስኮት ባዶ ሆነ፤ ክሬሙስ ብዬ ብጠይቅ ተቃጥሏል አሉኝ። አመዱን ግን አላየሁም፤ የቡኢ ገበያም ከቡታጅራ ሩቅ አይደለም።