እማማ ሐሊማ ያልጠጡት ውሃ

ዜና የሚጻፈው ነገሩ ከተፈጸመ በኋላ ነው ብለው የሚያምኑ ከሆነ፣ እርስዎ ጋዜጣ ያነባሉ እንጂ ጋዜጣ ቤት ሠርተው አያውቁም።

እኔም አሶሳ ውስጥ ሳምንት እየጠበቀች በምትወጣ አንዲት ጋዜጣ ሪፖርተር ሆኜ ስቀጠር ይህን አላውቅም ነበር። የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ዋና አዘጋጁ ጋሽ ታደለ ጠሩኝና የአንድ መንደር የመጠጥ ውሃ ምረቃ የግብዣ ደብዳቤ ሰጡኝ። ዜናውን እስከ ማታ አድርሺ አሉኝ። ቀኑ ረቡዕ ነው። ምረቃው ቅዳሜ ነው። ተሳስተው መስሎኝ አስታወስኳቸው... አልተሳሳቱም። ጋዜጣችን የሚታተመው አዲስ አበባ ስለሆነ ገጹ ረቡዕ ካልተላከ ሰኞ በአውቶቡስ አይመለስም። ስለዚህ የቅዳሜው ምረቃ ረቡዕ ላይ «በደማቅ ሥነ ሥርዓት ተመረቀ» ይባላል።

ጻፍኩ፤ አይፍረዱብኝ። የነዋሪ አስተያየት ሲጎድለኝ ለቀበሌው ሊቀመንበር ደውዬ የአንዲት የተከበሩ እናት ስም ተቀበልኩ፤ ወይዘሮ ሐሊማ። ንግግራቸውን እኔው ተናገርኩላቸው፦ «ንጹሕ ውሃ ጠጥተን ተደስተናል።» ጋሽ ታደለ ስሜት ይጎድለዋል አሉና «በእጅጉ» የሚል ጨመሩበት።

ቅዳሜ ሄድኩ። የቀርከሃ ዳስ ተጥሏል፣ ሪባን ተወጥሯል፣ ንግግር በንግግር ሆኗል። የክብር እንግዳው ቧንቧውን ሲከፍቱት ነፋስ ወጣ። ትንሽ ጠበቅን። ነፋሱም አለቀ። አጨበጨብንና ተበተንን።

ለጋሽ ታደለ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ውሃ የለም።»

«ሪባኑ ተቆርጧል?»

«ተቆርጧል።»

«እንግዲያው ተመርቋል።»

ማክሰኞ ጠዋት እማማ ሐሊማ ስድስት ሴቶችና ባዶ ጀሪካኖች አስከትለው ቢሯችን ገቡ። ጋዜጣውን የልጅ ልጃቸው አንብባላቸዋለች። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ነው፤ የፈለጉትን ለማለት ግን አልቸገራቸውም።

«አንተ ነህ የጻፈ?» አሉኝ። እኔ ነኝ አልኩ።

«ሐሊማ ውሃ ጠጣ ይላል። ሐሊማ እኔ ነው። ወላሂ አልጠጣሁም።»

አፈርኩ። በሕይወቴ እንዲያ አፍሬ አላውቅም። በሚቀጥለው እትም እርማት አውጥቼ ውሃ እንዳልጠጡ በግልጽ እንደምጽፍ ቃል ገባሁላቸው። እማማ ሐሊማ ግን ሞኝ ሰው በሚታይበት ዓይን አዩኝ።

«ወረቀት ተወው፤ እሱ ጥሩ ነው። ውሃ አምጣ።»

ውሃ የማምጣት ሥልጣን የለኝም። ሥልጣኑ ያለው የውሃ ቢሮ ግን ቅርብ ስለነበር ሴቶቹን ተከትዬ ሄድኩ። ኃላፊው ስብሰባ አለብኝ ብለው ሊሸኙን ሲሉ እማማ ሐሊማ ጋዜጣውን ጠረጴዛቸው ላይ ዘረጉላቸው። ሰውዬው ተመልሰው ተቀመጡ። ለካ ያንን ዜና ቆርጠው ከሪፖርታቸው ጋር አያይዘው ለበላይ ልከውታል! ሰው ጠጥቶታል ብለው ሪፖርት ያደረጉትን ውሃ ማስመጣት ግድ ሆነባቸው። ባለሙያ ተላከ፤ ፓምፑን የሚያንቀሳቅሰው ጄኔሬተር ነዳጅ አልተሞላለትም ኖሯል። ሐሙስ ውሃው መጣ። እማማ ሐሊማ መጠጣታቸውን ራሳቸው ደውለው ነገሩኝ። በዚያው «በእጅጉ» ማለት ምን እንደሆነም ጠየቁኝ።

አርብ የሙከራ ጊዜዬ አለቀ። ሕሊናዬ አላስቀምጥ ስላለኝ፣ ሰው ያላለውን ማስባሌን አምኜ እርማት ጻፍኩ። ሥራዬን እንደማጣ እያወቅኩ ለጋሽ ታደለ ሰጠኋቸው። አነበቡት።

«ውሃው መጣ?»

«ትናንት መጣ።»

«ታዲያ ምኑ ነው የሚታረመው?» አሉና ወረቀቴን መለሱልኝ።

ከዚያ መሳቢያቸውን ሳብ አድርገው የምዘና ቅጼን አወጡ። ተሞልቶ፣ ተፈርሞ፣ ማኅተም ተመትቶበታል። «የሙከራ ጊዜዋን በብቃት አጠናቃለች» ይላል። ቀኑን አየሁት። ሥራ የጀመርኩበት ሳምንት ነው።