ለቤዛ የጨመርኩት ሁለት ኪሎ

እኛ ሰዎች ሚዛን አንወድም። ድንቹ ተመዝኖ፣ ሚዛኑ ተስተካክሎ፣ ሻጭም ገዢም በዓይናቸው ካዩ በኋላ እንኳ ግብይቱ አላለቀም። «ምነው፣ መርቂልኝ እንጂ!» ትላለች ገዢዋ። ሻጯ ስለ ኑሮ ውድነት አጭር ንግግር ታደርግና አንዲት ድንች አንስታ ትጥልላታለች። ያቺ ድንች ብዙ ጊዜ ከክምሩ ውስጥ ትንሿና የተጨማደደችው ናት፤ ቢሆንም ገዢዋ ፊቷ በርቶ ትሄዳለች። ምርቃት የማይጨመርለት ሰው ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ ተጣልቷል።

ልክ የሆነ ነገር ሁሉ ፍቅር የጎደለው ይመስለናል። በቃኝ ያለ እንግዳ «በሞቴ» ተብሎ የሚጎርሰውን ጉርሻ አስቡት። ሰውየው ጠግቧል፣ አልቦታል፣ ቀበቶውን በጠረጴዛው ሥር አላልቷል፤ ግን የሰው እጅ ፊቱ ላይ ተዘርግቶ እንዴት እምቢ ይበል? ይጎርሳል። ሲያቃጥለው የሚያድረው እሱ ነው፤ አጉራሹማ ሰላም ተኝቷል። እኔ በጥላቻ ከተጎዳ ሰው ይልቅ በፍቅር የተጎዳ ብዙ አውቃለሁ። አንዷን የጎዳኋት ደግሞ ራሴ ነኝ። ይህን የማወራችሁ እንድታጽናኑኝ አይደለም፤ ማጽናናት ላይ እንደምትበረቱ ስለማውቅ አስቀድሜ መናገሬ ነው።

ሥራዬ የቴኒስ ራኬት መወጠር ነው። ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ አጠገብ ተቀምጦ እንዲህ የሚል ሰው ምን እንደሚደርስበት አታውቁም። የዕድራችን ጸሐፊ ግራ ቢገባው «የግል ሥራ» ብሎ መዝግቦኛል። አንዲት ጎረቤቴ ደግሞ ወገቡ የተበሳ ወንፊት ይዛ መጣች። እኔ የምሠራው የኳስ መምቻ እንጂ ወንፊት እንዳልሆነ በትሕትና አስረዳኋት። ወንፊቱን አየችው፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ራኬት አየችው፣ «ያው አይደል እንዴ?» አለችኝ። ሠራሁላት።

እውነቷን ነው፣ ብዙም አይራራቅም። አባቴ ከጨንቻ የመጣ ሸማኔ ነበር፤ ድርና ማግ የሚባሉትን ቃላት ከእማዬና ከአባዬ ቀጥዬ ነው የተማርኩት። ራኬትም ላይ ድሩ ከላይ ወደ ታች ይወጠራል፣ ማጉ ደግሞ በአግድም አንዱን ከላይ አንዱን ከሥር እያለ ይሹለከለካል። የሚለየው ውጥረቱ በኪሎ መታዘዙ ነው። ተጫዋቹ «ሃያ አራት» ካለ እያንዳንዱ ክር በሃያ አራት ኪሎ ጉልበት ተስቦ ይታሰራል። ክሩ ከላላ ኳሱ ይፈናጠራል። ከጠበቀ ደግሞ ይደነዝዛል፤ ጉልበቱን ሁሉ ከተጫዋቹ ክንድ ይጠብቃል። አንድ ሁለት ኪሎ ለእናንተ የሽንኩርት ጉዳይ ነው። ኑሮው በዚያ ክር ላይ ለሆነ ሰው ግን ኳሱ መረቡን ማለፍና አለማለፉ ነው።

ቤቴ ያለችው ማሽን ከአንድ ክለብ አርጅታ በጡረታ የወጣች ናት። ክብደት ተንጠልጥሎባት ነው ክሩን የምትስበው፤ ሃያ አራት ብላችሁ ስታዟት ሃያ ሁለት ላይ ትለግማለች። ስለዚህ ለማንም ስወጥር ሁለት ኪሎ እጨምራለሁ። ነገሩ የማሽኗን ጉድለት መሙላት ነው፤ እኔ ግን ከዓመታት ብዛት ምርቃት አድርጌ ቆጥሬው ኖሯል። «ሁለት ጨምሬልሃለሁ» እላለሁ ራኬቱን ሳስረክብ። ደንበኛውም «እግዜር ይስጥልኝ» ይለኛል። ሁለታችንም ደስ ብሎን እንለያያለን።

ከደንበኞቼ ሁሉ የምወዳት ቤዛን ነበር። ቤዛ የሰፈራችን ልጅ ናት፤ እናቷ ዘነበወርቅ አካባቢ ትንሽ ምግብ ቤት አላት። በልጅነቷ ክለብ ውስጥ ኳስ ስታቀብል ውላ፣ ተጫዋቾቹ ሲሄዱ በተበጠሰ ራኬት ግድግዳ ስትደበድብ አድጋ፣ ከአገራችን ሴቶች የሚያሸንፋት ጠፋ። ራኬቷን ከመጀመሪያው ጀምሮ የወጠርኩላት እኔ ነኝ። ስንት ኪሎ ይሁን ስላት «እንደ ሁልጊዜው» ትለኛለች። እንደ ሁልጊዜው ማለት ሃያ አራት ነው።

ችግሩ፣ በአገር ውስጥ አንደኛ መሆን ብቻውን የትም አያደርስም። በዓለም የተጫዋቾች ዝርዝር ውስጥ ለመግባት እውቅና ባለው ውድድር ቢያንስ አንድ ጨዋታ ማሸነፍ ያስፈልጋል፤ ስም የሌላትን ተጫዋች ደግሞ ማንም አይጠራትም። ቤዛ ሃያ ሰባት ዓመት ሞላት። እናቷ ታመመች። ቤቴል ካለ አንድ ክሊኒክ የካርድ ክፍል ሥራ ተገኘላት፤ እሷም ቴኒሱን ትታ ሥራውን እንደምትጀምር ለእናቷ ቃል ገባች። ባለፈው ዓመት እዚሁ አዲስ አበባ የፕሮፌሽናል ሴቶች ውድድር ሲዘጋጅ፣ የአገር ልጅ ናት ተብሎ ቦታ ተሰጣት። የመጀመሪያውን ጨዋታ ካሸነፈች ዝርዝር ውስጥ ትገባለች፣ ናይሮቢም ቱኒዝም ትጠራለች። ከተሸነፈች ሰኞ ጠዋት ካርድ ክፍል ትገባለች። አለቀ።

ለዚሁ ውድድር ራኬት ወጣሪ ተፈለገና አዘጋጆቹ አንድ ኬንያዊ አስመጡ። ሁለተኛ ሰው ሲያስፈልጋቸው ጠይቀው ጠያይቀው ኮልፌ ደረሱ። ከተመልካቹ መቀመጫ ሥር ያለች ጠባብ ክፍል ሰጡን፤ እዚያ ውስጥ ሁለት በኤሌክትሪክ የሚሠሩ አዳዲስ ማሽኖች ቆመዋል። ቁጥር ትነግሯታላችሁ፣ ቁልፍ ትጫናላችሁ፣ «ጢጥ» ብላ የተባለችውን ትስባለች። አትለግምም፣ አትጨምርም። ኬንያዊው ዝምተኛ ነበር፤ የመጀመሪያውን ቀን እጄን ሲያይ ውሎ በመጨረሻ ራሱን ነቀነቀልኝ። ሙያ በልብ ነው እያልኩ የኖርኩ ሰው ያቺን ቀን በደስታ ልበር ደርሼ ነበር።

ፈረንጆቹ ተጫዋቾች ጉዶች ናቸው። አንዷ ሃያ ሦስት ተኩል ብላ ወረቀት ላይ ጽፋ፣ ተኩሏን ሁለት ጊዜ አስምራባታለች። አንዷ ራኬቱን በመዳፏ ጠፍ ጠፍ አድርጋ ጆሮዋን አስጠግታ ታዳምጣለች። ድምፁ ካልጣማት መልሳ ትሰጣችኋለች፤ ይቅርታም አትል፣ ፊቷም አይቀላ። በልቤ «ምን ዓይነት ይሉኝታ ቢስ ናት» አልኩ፤ ግን ወጠርኩላት። ለነሱ ሁሉ የታዘዝኩትን ብቻ ሠራሁ። ለማያውቁት ሰው ማን ይመርቃል?

የቤዛ ጨዋታ ቀን ጠዋት ሁለት ራኬት አመጣች። እጇ ቀዝቅዟል። «ስንት ይሁን?» አልኳት ለወጉ ያህል።

«እንደ ሁልጊዜው፣ ጋሼ» አለችኝ።

ማሽኑ ላይ ሃያ አራት ብዬ ቁልፉን ልጫን ስል እጄ እምቢ አለ። የተጋጣሚዋን የዚያችን ባለ ሃያ ሦስት ተኩል ልጅ ራኬት ጨርሼ ማስቀመጤ ነበር፤ ልክ፣ ያለ ጭማሪ። ለቤዛም ልክ እንደሷ? ከልጅነቷ ለማውቃት፣ ከእናቷ ገበታ ስንት ጊዜ ለጎረስኩላት፣ ሕይወቷ በዚህች ከሰዓት ላይ ለተንጠለጠለች ልጅ እንደ ባዳ የታዘዝኩትን ብቻ? ማሽኑ እንደማይለግም አውቃለሁ። አውቄ ነው። ሃያ ስድስት አልኩት። ክር በክር፣ ጢጥ ጢጥ እያለ ሲሳብ ውስጤ ሞቀኝ። ሁለቱንም ራኬቶች አስረከብኳትና «ጨምሬልሻለሁ፣ አይዞሽ» አልኳት። ጉንጬን ሳመችኝና ሄደች።

አዘጋጆቹ እንደ ክብር እንግዳ ከፊት ወንበር አስቀመጡኝ። ከሜዳው አምስት እርምጃ እሆናለሁ፤ ቤዛ ባረፈች ቁጥር ዓይን ለዓይን እንገጣጠማለን። ጨዋታው ሲጀመር ድምፁን ሰማሁት። ራኬት ወጣሪ ኳስ አያይም፣ ይሰማል። የቤዛ ምት ደረቅ ነበር፤ የእንጨት በር እንደማንኳኳት ያለ። ኳሷ መረብ መታ። ቀጣዩም። ጉልበት ስትጨምር ኳሱ ከመስመር ወጣ፤ ስትቀንስ መረቡ ላይ ተኛ። ያኔ ምን እንዳደረግኩ ገባኝና ወንበሩን በሁለት እጄ ያዝኩት። ተነስቼ ልጩህ? ማንን ላቁም? ሁለተኛውም ራኬት የኔው ነው፣ ሃያ ስድስት ነው፣ ብትለውጥም ያው ነው።

በየዕረፍቱ ቀና ብላ ታየኛለች። እኔም ምን ላድርግ፣ ፈገግ እልላታለሁ።

የመጀመሪያውን ክፍለ ጨዋታ ስድስት ለሁለት ተሸነፈች። ሁለተኛውን እንደምንም አምስት እኩል አድርሳ ሰባት ለአምስት ተረታች። ከነዚያ ኳሶች ስንቱ በጣት ስፋት መረብ ላይ እንደቀረ እኔ ነኝ የማውቀው። ሰኞ ጠዋት ቤዛ ካርድ ክፍል ገባች።

ወራት አለፉ። ከሰፈር ሰው ጋር ያ ጨዋታ በተነሳ ቁጥር «ዕድል ነው» እየተባለ፣ እኔም ከሌሎቹ ጋር ራሴን እየነቀነቅኩ ከረምኩ። የቤዛ እናት መንገድ ላይ ስታገኘኝ «ያን ሁሉ ደክመህላት» ብላ ታመሰግነኛለች። ለራኬት ወጣሪ ከዚህ የከፋ ቅጣት ያለ አይመስለኝም። እንቅልፍ አጣሁ፣ ደም ግፊቴ ተነሳ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፣ አውቃለሁ፤ ቢሆንም አንድ ቀን ከአየር ጤና ታክሲ ይዤ ቤቴል ሄድኩ። ለደም ግፊቴ ነው ብዬ ነው ለባለቤቴ የነገርኳት። ግማሹ እውነት ነው።

ክሊኒኩ ሞልቷል። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ሰው ተጠጋግቶ ተቀምጧል። ከሁሉም ፊት አንዲት እናት ትኩሳት ያጋለው ልጇን በጋቢ ጠቅልላ መስኮቱ ሥር ቆማለች። ከመስኮቱ ወዲያ ቤዛ ነጭ ጋዎን ለብሳ ከካርድ መደርደሪያው ጋር ትታገላለች። ስታየኝ ፊቷ በራ። ወደ ጎን ያለችውን ትንሽ በር ከፈተችልኝ።

«ጋሼ! ምነው፣ አመመዎት?»

«ቤዛዬ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው የመጣሁት» አልኳት። ነገርኳት። ማሽኑ እንደማይለግም እያወቅኩ እንደጨመርኩ፣ ለፈረንጆቹ ልክ ሠርቼ ለእሷ ብቻ እንዳበላሸሁ፣ አንድም ሳላስቀር። ዕንባዬ ሲመጣ ሽማግሌ ሲያለቅስ አያምርም ብዬ ዋጥ አደረግኩት።

ቤዛ የካርዶቹን ጫፍ በጣቷ እያስተካከለች፣ «አውቄዋለሁ እኮ ጋሼ» አለችኝ። «ገና ስንጀምር ነው ያወቅኩት። ክንዴ ነገረኝ።»

«እና... ምን ታደርጊ፣ ሁለቱም ያው ነበር።»

«ሦስተኛ ነበረችኝ» አለች። «ከጨዋታው በፊት እርስዎ ለቅሶ ሊደርሱ የሄዱ ዕለት ኬንያዊው አንድ ወጥሮልኝ ነበር። ቦርሳዬ ውስጥ ነበረች። ልምምድ ላይ ሞክሬያታለሁ፣ ልክ ነበረች።»

«ታዲያ ምነው አላወጣሻት?»

«እንዴት አድርጌ?» አለችኝ፤ የምር የምትጠይቀኝ ይመስል ነበር። «ከፊት ወንበር ተቀምጠው እያዩኝ። በየዕረፍቱ እጄን ወደ ቦርሳው እሰድና ቀና ስል እርስዎ ፈገግ ይሉልኛል። የእርስዎን አስቀምጬ የሰውዬውን ሳወጣ ቢያዩኝ ምን ይሰማዎታል? ያን ሁሉ ዓመት ደክመውልኝ። አይሆንልኝም፣ ጋሼ።»

ልቆጣት ፈለግኩ፤ በምን አፌ? ልስማት ፈለግኩ፤ እሱም አልሆነልኝም። ቆሜ ቀረሁ።

እሷ ግን ወደ መደርደሪያው ዞራ የድሮ ካርዴን ፈልጋ አወጣችና በእጄ አስያዘችኝ። «ሐኪሙ አሁን ነፃ ነው፣ ቶሎ ይግቡ» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ከመስኮቱ ወዲያ ያቺ እናት ልጇን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረች፤ ካርዱን አየችው፣ እኔን አየችኝ። ተራው የኔ አልነበረም። «ኧረ እሷ ትቅደም» ልል አፌን ከፈትኩ። ቤዛ ፈገግ ብላ እያየችኝ ነው።

ካርዴን ይዤ፣ ሴትየዋን ቀና ብዬ ሳላይ፣ ገባሁ።