በጽሑፍ ይሁንልኝ

«በጽሑፍ ይሁንልኝ» የሚል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል፤ የጎሮው ጎረቤቴ ጋሽ ታደለ ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ መዝገብ ቤት ስለሠሩ፣ ቁጥር ያልተሰጠው ነገር ተፈጥሯል ብለው አያምኑም።

አምና ኢምፔሪያል ሆቴል አጠገብ አንድ ፖሊስ የተሳፈርንበትን ሚኒባስ ሹፌር በጥፊ መታው። ሁላችንም በመስኮት ወደ ሌላ ስናይ፣ ጋሽ ታደለ ወርደው «ልጄ፣ ስምህን በጽሑፍ ብትሰጠኝ?» አሉት። ፖሊሱ ግን የጻፈው የእሳቸውን ስም ነው፤ «ሁከት ፈጣሪ» ብሎ። ጣቢያ ወስዶ ከሰዓታት በኋላ ቢለቃቸውም፣ ስማቸው መዝገብ ላይ ቀረ። ለጥበቃ ሥራ ከወንጀል ነፃ የሚል ማስረጃ ሲጠየቁ፣ በስተርጅና ወንጀለኛ ሆነው ተገኙ።

ሌላ ሰው ቢሆን ምን ያደርጋል? ጣቢያው ውስጥ ዘመድ ይፈልጋል። እሳቸው ግን ሰኞ ሰኞ ከረባታቸውን አስረው ይሄዳሉ፤ አቤቱታ ያስገባሉ፤ ቁጥር ይቀበላሉ። የበሩ ዘብ ሰኞ መሆኑን የሚያውቀው በእሳቸው ነው አሉ! በመጨረሻ ኃላፊው ተሸነፈ።

«ስምዎን ሰርዘናል አባቴ። ፖሊሱንም በቃል ገሥጸነዋል።»

«በቃል አስራችሁኝ ቢሆን፣ በቃል እረካ ነበር» አሉት።

እንዴት እንደኮራሁባቸው! ጉርድ ሾላ ድረስ ላገኘሁት ሁሉ አወራሁ።

ትናንት ቤቴ መጡ። ፖሊሱ ሊጠየቅ ስለሆነ፣ ጥፊውን ያየ ምስክር በጽሑፍ ቃሉን ይስጥ ተብሏል። ያን ቀን አጠገባቸው የተቀመጥኩት እኔ ነኝ።

«እስክሪብቶ የለኝም» አልኳቸው።

ከደረት ኪሳቸው ሁለት አወጡ።